ገጹን ከነቀኑ፦ ስለ ስታር ቱርስ የጻፉ የድሮ መጽሔቶችን ወሎ ውስጥ መለየት፣ ማዳንና ስካን ማድረግ

ስለ ስታር ቱርስ፣ በዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች ስላለው የጠፈር በረራ ማስመሰያ፣ የተጻፈበት የድሮ መጽሔት እጅዎ ከገባ መቀስ አያስጠጉበት። ሥዕሉ ያማረው ገጽ ተቆርጦ ሲወጣ ሽፋኑ፣ የኅትመቱ ቀን፣ የአዘጋጆቹ ዝርዝርና ማስታወቂያዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈ፣ ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን ይሁን የተነገረውን እንደጻፈ የሚያውቅ አይኖርም። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ባቲ፣ እንዲህ ያለው መጽሔት ከውጭ በሻንጣ የመጣ ወይም ከድሮ ዕቃ መሀል የተረፈ ነው፤ ምትክ አይገኝለትም። ስለዚህ ከታች የተጻፈው ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፦ ገጹን ከነቀኑ ማቆየት።

መጀመሪያ ነገሩን ይወቁት

ስታር ቱርስ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዲዝኒላንድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1987 ነው፤ በእኛ ጥር 1 ቀን 1979። አርባ ሰው የሚይዝ ዝግ ክፍል ነው፤ ከፊት የፊልም መጋረጃ አለው፣ ከሥር ደግሞ በሃይድሮሊክ የሚገፉ እግሮች ተሸክመውታል። ፊልሙ ላይ ያለው በረራ ሲታጠፍ ክፍሉም አብሮ ስለሚጋደል የተቀመጠው ሰው በእርግጥ ጠፈር ላይ የሚበር ይመስለዋል። ማሽኑ መጀመሪያውኑ ለመዝናኛ የታሰበ አልነበረም። የተወሰደው ሬዲፊዩዥን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ ይሠራው ከነበረው ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን ከሚያስመስል ማሽን፣ ነው፤ የአየር መንገዳችን አብራሪዎች አዲስ አበባ ላይ የሚሠለጥኑበት ማሽንም የዚሁ ዘር ነው። በመጀመሪያው ቅጂ መንኮራኩሩ ስታርስፒደር 3000 ይባል ነበር፤ የሚያበረውም ሬክስ የተባለ ሮቦት ነበር። ያን ፊልም የሠራው የስታር ዋርስ ፊልሞች ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስ ድርጅት የሆነው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ነው።

ቀጥሎ ቶኪዮ ላይ በጁላይ 1989፣ ፍሎሪዳ ላይ በዲሴምበር 1989፣ ፓሪስ ላይ አፕሪል 12 ቀን 1992 ተከፈተ። የካሊፎርኒያው የመጀመሪያ ቅጂ ጁላይ 27 ቀን 2010 (ሐምሌ 20 ቀን 2002) ተዘግቶ፣ በአዲስ ፊልም ጁን 3 ቀን 2011 (ግንቦት 26 ቀን 2003) እንደገና ተከፍቷል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «በእኛ» ካልተባለ ወይም በአማርኛ ወር ካልተጻፈ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። እነዚህን ቀኖች በወረቀት ጽፈው አጠገብዎ ያኑሩ፤ መጽሔቱን የሚመዝኑት በእነሱ ነው።

የመጽሔቱን ዕድሜ ማወቅ

ከሁሉ በፊት ስለ 1979። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «1979» ተብሎ ተጽፎ ካገኙ ጸሐፊው የእኛን ዘመን አቆጣጠር ተከትሎ ሊሆን ይችላል፤ ያ ማለት ከሴፕቴምበር 1986 እስከ ሴፕቴምበር 1987 ያለው ጊዜ ነው። የታተመ «1979» ከሆነ ግን የፈረንጁ ነው፤ ስታር ቱርስ ከመከፈቱ ስምንት ዓመት ገደማ ይቀድማል፣ ስለዚህ ስለ እሱ ሊጽፍ አይችልም። ሻጭም ገዢም በዚህ ይሳሳታሉ። ሌላው ወጥመድ የአሜሪካኖች የቀን አጻጻፍ ነው፤ 1/9/87 ብለው ሲጽፉ ጃንዋሪ 9 ማለታቸው እንጂ ሴፕቴምበር 1 ማለታቸው አይደለም።

ቀኑን ከሽፋኑ ብቻ አይውሰዱ። ከፊት ካሉት ገጾች በአንዱ፣ ብዙ ጊዜ ከይዘት ማውጫው ሥር፣ በጣም በደቃቅ ፊደል የታተመ አንቀጽ አለ። የአሳታሚው ስም፣ አድራሻው፣ የዕትሙ ቁጥርና ወሩ የሚገኙት እዚያ ነው። ሽፋኑ ጠፍቶ ይህ ገጽ ከተረፈ መጽሔቱ ገና ስም አለው። ባርኮድ ካለው በስተቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ አኃዞች የዕትሙ መለያ ናቸው፤ በብዙ ወርኃዊ መጽሔቶች የወሩ ቁጥር ሆነው ይገኛሉ።

አሁን ዋናው ነገር። የአሜሪካ ወርኃዊ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ካለው ወር አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ ለገበያ ይወጣል። ጽሑፉ ደግሞ ለማተሚያ ቤት የሚገባው ከዚያም በፊት ነው። «ጃንዋሪ 1987» የሚል መጽሔት ስለ ስታር ቱርስ የሚለው ሁሉ በ1986 መኸር የተጻፈ ነው ብለው ይነሡ፤ ጸሐፊው ሲጽፍ በሩ ገና ለሕዝብ አልተከፈተም። የመክፈቻውን ቀን ትክክለኛ ፎቶና የተሳፋሪ ምስክርነት መፈለግ ያለብዎት ከ1987 ጸደይ ወዲህ ባሉት ዕትሞች ነው። ለዚህ ዓይነት ፍለጋ ከ1976 ጀምሮ እስከ 2009 ይታተም የነበረው ስታርሎግ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ጥሩ መነሻ ነው፤ የሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞችን በየወሩ ይከታተል ስለነበር ከመክፈቻው በፊት ያለውንም በኋላ ያለውንም ማነጻጸር ያስችላል።

ገጹን ሲያነቡ ከመክፈቻ በፊት የተጻፈውን የሚያጋልጡ ምልክቶች አሉ። ግሦቹ የወደፊት ናቸው። ሥዕሎቹ በእጅ የተሣሉ ወይም የሞዴል ፎቶዎች ናቸው። ሰው ከታየ ሠራተኛ ወይም መሐንዲስ ነው፤ ወረፋ የያዘ ቤተሰብ የለም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፤ የታቀደውን ነው የሚናገረው። ስሕተቱ የሚመጣው እኛ የታቀደውን እንደተሠራ አድርገን ስንጠቅስ ነው። በማስታወሻዎ ላይ «ቅድመ መክፈቻ» ብለው ይለዩት።

ቀን ጨርሶ ለጠፋበት ገጽ ስሞቹ ይረዳሉ። ዲዝኒ የኩባንያውን ስም ከዋልት ዲዝኒ ፕሮዳክሽንስ ወደ ዋልት ዲዝኒ ካምፓኒ የቀየረው በ1986 መጀመሪያ ነው። የፓሪሱ ፓርክ «ዩሮ ዲዝኒ» ተብሎ ከተጠራ ገጹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ አያልፍም። የፍሎሪዳው ፓርክ «ዲዝኒ ኤምጂኤም» ከተባለ ከ2008 በፊት የተጻፈ ነው። ጆርጅ ሉካስ ያቋቋመው ሉካስፊልም የዲዝኒ ንብረት እንደሆነ የሚናገር ገጽ ደግሞ ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ነው፤ በ1987 ሁለቱ በስምምነት የሚሠሩ የተለያዩ ኩባንያዎች ነበሩ። በዚያው በእኛ 1979 መስከረም ላይ ማይክል ጃክሰን የሚታይበት ካፕቴን ኢኦ የተባለ የጠፈር ፊልም በዲዝኒ ፓርኮች መታየት ጀምሮ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አቀላቅሎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ስላለ የትኛው ሥዕል የየትኛው እንደሆነ መግለጫውን አንብበው ይለዩ።

በኋላ የተባዛ ቅጂ ነው ብለው ከጠረጠሩ አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ሥዕሉን ይዩት። የ1980ዎቹ የኦፍሴት ኅትመት አራቱ ቀለሞች በሥርዓት የተደረደሩ ነጥቦች ሆነው፣ አንዳንድ ቦታ ትንሽ አበባ ሠርተው ይታያሉ። የቤት ፕሪንተር ቅጂ ግን የተረጨ ወይም የተሰለፈ ነው።

የወሎ አየርና ወረቀት

ወረቀት ከ35 እስከ 50 በመቶ ባለ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። ደሴ ቅዝቃዜዋ ለወረቀት ጥሩ ነው፤ ጉሟና ክረምቷ ግን አይደሉም። ወሎ ላይ ደግሞ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ አለ። ስለዚህ መጠገን፣ መክፈትና ስካን ማድረግ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ይመረጣል። እርጥበት መለኪያ በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ ከመደርደሪያው አጠገብ ያኑሩት፣ ከ65 በመቶ በላይ ሰንብቶ ካዩት ሻጋታ በመንገድ ላይ ነው።

መጽሔቱን ከውጭ ግድግዳ ጋር አያስጠጉት፤ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ግድግዳ ላይ የሚጤዘው ውሃ ጀርባውን ያረጥበዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካለበት ቦታ ያርቁት። ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ኮምቦልቻና ባቲ አካባቢ ምስጥ ስላለ የመደርደሪያውን እግርና ግድግዳውን በየሳምንቱ ይመልከቱ፤ እንደ ስስ የጭቃ ቧንቧ ያለ ነገር ሽቅብ ሲወጣ ካዩ መጽሔቱን በዚያው ቀን ያንሡ። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም ለማስቀመጫ አይሆንም። የዕጣን ጭስ ሙጫ አለውና ገጹ ላይ እየዋለ እያደረ ቢጫ ያለብሰዋል፤ ያን ደግሞ የሚያስለቅቅ ነገር የለም።

መጽሔቶቹን አጋድመው ያስቀምጡ፣ አንድ ክምር ከ15 አይብለጥ፤ የሁለቱን ጀርባ በስተግራ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት በስተቀኝ እያደረጉ ቢደረድሩ ክምሩ አያዘነብልም። ለየብቻ የሚከቱበት ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢቲሊን ይሁን። ሲከፍቱት ኃይለኛ የላስቲክ ሽታ የሚሸት፣ ለስለስ ብሎ የሚያጣብቅ ፋይል ፒቪሲ ነው፤ ቀለሙን ከገጹ ላይ ይዞ ይነሣል። ላሚኔሽን ፈጽሞ አያስደርጉ፤ ሙቀቱና ማጣበቂያው አይመለስም።

የረጠበ፣ የሻገተ፣ የተበላ

የእነዚህ መጽሔቶች ውስጥ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚያብለጨልጭ ነው። የሚያብለጨልጨው ወረቀቱ በነጭ ሸክላ ስለተቀባ ነው። ሲረጥብ ይህ ሸክላ ይሟሟና ማጣበቂያ ይሆናል፤ እንደረጠበ ተዘግቶ ከደረቀ መጽሔቱ ጡብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ በቢላ ቢሞክሩት ሥዕሉ ከአንዱ ገጽ ተልጦ ከሌላው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የረጠበ መጽሔት እጅዎ ሲገባ ነገ አይበሉ። ገና እርጥብ እያለ ከመሀል ጀምረው ገጾቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይለዩ፤ በመካከላቸው ንጹሕ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ወይም ካልታተመበት ፌስታል የተቆረጠ ስስ ላስቲክ ያስገቡ። ጋዜጣ አያስገቡ፣ ቀለሙ ይጋባል። ከዚያ በቬንትሌተር ነፋስ፣ ጥላ ሥር፣ በየሁለት ሰዓቱ ላስቲኩን እያወጡና በደረቅ እየቀየሩ ያድርቁት። ፀሐይ ፈጥኖ ያደርቃል፤ ግን ወረቀቱን ያጥፈዋል፣ ቀዩንና ቢጫውን ቀለም ይበላል። ከ48 ሰዓት በኋላ ሻጋታ ይጀምራል። ጊዜ ከሌለዎት በላስቲክ ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱትና ሲመችዎት ያድርቁት፤ በረዶው ጊዜ ይገዛልዎታል።

የሻገተውን መጀመሪያ ያድርቁት። እርጥብ ሻጋታ ሲነካ ይቀባል፤ ደረቁ ግን እንደ ዱቄት ይነሣል። ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው፣ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ከጀርባው ወደ ጠርዙ ይጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ያሰርገዋል።

ነፍሳት ካለበት መጽሔቱን በሁለት ፌስታል አየሩን አስወጥተው ያሽጉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ያቆዩት። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከሄደ ቆጠራውን ከአንድ ይጀምሩ፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘና ከሞቀ እንቁላሎቹ ይተርፋሉ። ሲያወጡት ፌስታሉን ሳይከፍቱ ሙሉ ቀን ያሳድሩት፤ አለዚያ የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ይጤዛል።

የዛገ የስቴፕለር ሽቦ ከውጭ አይጎተትም። መጽሔቱን መሀል ላይ ይክፈቱ፣ ስስ ጠፍጣፋ ቢላ ከታጠፉት እግሮች ሥር አስገብተው ቀና ያድርጓቸው፣ ከዚያ በሌላው በኩል ቀስ ብለው ይግፉት። በእነዚያው ቀዳዳዎች ነጭ የጥጥ መስፊያ ክር አሳልፈው ከውስጥ ይቋጩት። ሽቦው ካልዛገ ግን ይተዉት፤ ያልታመመ አይታከምም።

የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አይለጥፉ። በጥቂት ዓመታት ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን ያሳልፋል። ተገቢው ጥገና በጃፓን ስስ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ነው፤ አንድ እጅ ስታርች በአምስት እጅ ውሃ ለ25 ደቂቃ እያማሰሉ አብስለው፣ አቀዝቅዘው፣ በወንፊት ያጥሩት። ስታርቹ ከገበያ ካልተገኘ የስንዴ ሊጥ በውሃ እያሹ አጥበው የሚዘቅጠውን ነጩን መውሰድ ይቻላል፤ የሚለጠጠው ግሉተን ይጣላል። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ግን ውሃው ራሱ አደጋ ነው። መጀመሪያ በማስታወቂያ ገጽ ጥግ ላይ ይሞክሩ፤ ወረቀቱ ከተጨማደደ ጥገናውን ትተው ገጹን በፕላስቲክ ኪስ ያስቀምጡት።

ስካን ማድረግ

የአሜሪካ መጽሔት ገጽ 21.3 በ27.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በተለመደው የኤፎር ስካነር መስታወት ላይ ይበቃል። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ጓንት አያስፈልግም፣ የጨርቅ ጓንት ጠርዝ ይቀዳል። ከገጹ ጀርባ ጥቁር ወረቀት ያስገቡ፤ ይህ ካልሆነ የጀርባው ጽሑፍ ያሳልፋል። 600 ነጥብ በኢንች ይምረጡ፣ «ራስ ሰር ማስተካከያ» የሚለውን ሁሉ ያጥፉ፣ ቲፍ በተባለው፣ የሥዕሉን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት ያስቀምጡ። አንድ ገጽ 98 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 72 ገጽ ያለው መጽሔት 7 ጊጋባይት ይወስዳል ማለት ነው፣ ቦታ ቀድመው ያዘጋጁ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል እያንዳንዱን ገጽ ስካን እንዳደረጉ ይቀመጥ፤ ሁሉንም ጨርሶ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ግማሽ ቀን ያስለቅሳል።

በሥዕሎቹ ላይ የሞገድ ወይም የመረብ ቅርጽ ካዩ ስካነሩ አልተበላሸም። የኅትመቱ ነጥቦችና የስካነሩ ነጥቦች ተጋጭተው ነው። በ300 ስካን ሲደረግ ይበረታል፤ 600 የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በ600 የተወሰደውን ቅጂ ጂምፕ በተባለው ነጻ የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍተው ነጥቦቹ እስኪዋሐዱ ድረስ ጥቂት ያደብዝዙ፣ ከዚያ ወደ 300 ያሳንሱ። ይህን በቅጂው ላይ ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ቲፍ እንደወጣ ይቀመጥ።

ስካነር ከሌለ ስልክም ይሠራል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ከገጹ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ ወደ 300 ነጥብ በኢንች ይሰጣል። ስልኩን በሁለት እኩል የመጽሐፍ ክምር ላይ ባረፈ የኮምፓልሳቶ ቁራጭ ላይ፣ ሌንሱ በቀዳዳ እንዲያይ አድርገው ያጋድሙት። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያብሩ፣ መስኮቱን ይጋርዱ። ገጹ ካልተኛ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ይጫኑበት። ነጸብራቅ ከታየ አምፖሎቹን ዝቅ ያድርጉ። ሰፊ ማዕዘን የሚያሳየውን ሌንስ አይጠቀሙ፣ ጠርዙን ያጎብጣል። በሰዓት ቆጣሪ ያንሡ፤ ጣት ሲነካው ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

ከሽፋን እስከ ሽፋን ያንሡ። የመኪና ማስታወቂያም፣ የአንባቢ ደብዳቤም፣ የአሻንጉሊት ዋጋ ዝርዝርም ይግባ። ስታር ቱርስ ላይ የተጻፈው አራት ገጽ ቢሆንም የጽሑፉን ጊዜ የሚመሰክሩት ሌሎቹ ገጾች ናቸው። ፋይሉን በፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ገጽ ይሰይሙት፦ 1987_04_032። ወሩ በሁለት አኃዝ ካልተጻፈ ኮምፒውተሩ አሥረኛውን ከሁለተኛው በፊት ይደረድራል። ከፋይሎቹ ጋር አንድ የጽሑፍ ማስታወሻ ይኑር፦ የመጽሔቱ ስም፣ የዕትም ቁጥር፣ የታተመው ቀን በፈረንጁና በእኛ፣ ቅድመ መክፈቻ ይሁን ድኅረ መክፈቻ፣ የጎደሉ ገጾች፣ የት እንደተገኘ። በሥዕል መልክ የተነሣውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ወደሚያነበው ፊደል ለመቀየር ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የታተመ እንግሊዝኛንም የታተመ አማርኛንም ያነባል። ሁለት ቅጂ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች፤ ሁለቱም ፍላሽ ላይ ከሆኑ ግን አንዱን ወደ ሃርድ ዲስክ ያዛውሩ።

ሙሉውን ዕትም ኢንተርኔት ላይ አይጫኑ። በ1987 አሜሪካ ውስጥ በድርጅት ስም የታተመ ሥራ ከታተመበት ጀምሮ 95 ዓመት በሕግ የተጠበቀ ነው።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ገጽ

የፈረንጅ መጽሔት ገጽ በዱቄት ሙጫ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል። ለመላጥ አይሞክሩ፤ ጭቃው ወረቀቱን ይዟል፣ በእንፋሎት ቢያላሉት ሸክላው ሥዕሉን ይዞ ይወርዳል። የቤቱን እመቤት አስፈቅደው፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሥተው፣ ከላይ እንዳለው በሁለት አምፖል ፎቶ ያንሡት። መጀመሪያ ግድግዳውን በሙሉ፣ ቀጥሎ ገጹን፣ ከዚያ ከገጹ ዙሪያ የተለጠፉትን ሁሉ። ቀን የሌለው የስታር ቱርስ ገጽ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ ሥር ገብቶ ከተገኘና የጋዜጣው ቀን ከተነበበ፣ ከላይ ያለው ወረቀት መቼም ከዚያ ቀን በፊት አልተለጠፈም። ከታች ያለው ገጽ ደግሞ ከላዩ ካለው በፊት ነው የተለጠፈው። የትኛው በየትኛው ላይ እንዳለ በግልጽ እንዲታይ ጠርዞቹን ከቅርብ፣ አንድ አምፖል አጥፍተው በጎን ብርሃን ያንሡ፤ «እማማ፣ ይሄ ግድግዳ መቼ ነው የተለጠፈው?» ብለው ጠይቀው መልሱን በእሳቸው ቃል፣ የጠየቁበትን ቀን ጨምረው ይጻፉት።